የጋሽ ትኬት ልብ

ጋሽ ትኬት ያንን ዛፍ አላመኑትም።

ዛፉ ልጃቸው ከምትኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው ያለው። እሳቸው ከአገር ቤት የመጡ ሰሞን እንጨት ብቻ ነበር፤ ለማገዶ እንኳ የሚያሳዝን። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጃቸው መጋረጃውን ስትገልጥ ከጫፉ እስከ ግንዱ ሮዝ አበባ ለብሶ ተገኘ። አንድ ቅጠል የለው፣ ምን የለው።

"ጸደይ ገባ እኮ አባዬ" አለቻቸው፣ ራሷ የገዛችውን ዕቃ እንደምታሳይ ሰው።

"ቅጠሉስ?"

"ቅጠሉ በኋላ ነው የሚመጣው።"

"መጀመሪያ ጌጡን፣ ልብሱን በኋላ?" አሉና ወደ ሻያቸው ዞሩ።

አይፈረድባቸውም። ሰውየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ የሰፈሩ ሰው ስማቸውን ረስቶ ጋሽ ትኬት የሚላቸውም በዚሁ ነው። አውቶቡስ ላይ ወጥተው ትኬት ከመጠየቃቸው በፊት ፊት ያነባሉ። በመስኮት የሚያየውን፣ የተኛ የሚመስለውን፣ የሰው ሕፃን የሚያጫውተውን፣ ሁሉንም በየዓይነቱ ያውቁታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፈገግ የሚለው ነው። ትኬት የያዘ ሰው ተቆጣጣሪ ሲያይ "ደግሞ መጣ" ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል እንጂ ምን ያስቀዋል ይላሉ። ፈገግ ያለውን ሁሉ ያስወርዱ ነበር ብሎ የሚያማቸውም አለ።

በዚህ አገር ደግሞ ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል።

ያመጣቸው ቀኝ ጉልበታቸው ነው። ከአንዱ አውቶቡስ ሲወርዱ በሌላው ሲወጡ አልቆ፣ ደረጃ ባዩ ቁጥር እንደ ልጅ እናታቸውን የሚያስጠራ ሆኖ ነበር። ልጃቸው "ና፣ እዚህ ይቀየርልሃል" አለቻቸው፣ የመኪና ጎማ ይመስል። ጎረቤቶቻቸው የሯጭ ጉልበት መርጠው እንዲያስገቡ መክረው፣ ሲመለሱ በሩጫ እንደሚቀበሏቸው ተሳልቀው ሸኟቸው። እሳቸው ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠችውን ሴት ትኬት በዓይናቸው ሲፈልጉ ነበር ይባላል።

የመጀመሪያው የሐኪም ቤት ቀጠሮ ዕለት ልጃቸው ሥራ ስለነበራት የወሰዳቸው ባሏ ነው። ባሏ የዚያው አገር ሰው ነው። ከተጋቡ ስንት ዘመን ሆኗቸው፣ ጋሽ ትኬት አሁንም "ሙሽራው" ነው የሚሉት። ሙሽራው ልበ ቅን ነው፤ ሚስቱን ሲያገባ ቋንቋዋንም አብሮ አግብቶ፣ አማርኛን ቁጭ ብሎ በደብተር ነው የተማረው። መጀመሪያ ላይ እነ ቅ እና እነ ጥ አልወጣ ብለውት ሲታገል ከርሞ፣ አንድ ቀን ከጉሮሮው ፈንድተው ወጡለት። ከዚያ ወዲህ ከደስታው ብዛት በሚገባበትም በማይገባበትም ይረጫቸዋል። ኩባያን "ቁባያ"፣ ቲማቲምን "ጢማጢም" ይላል። የሚያርመው ሰው ሲያገኝ አመስግኖ ተመልሶ "ጢማጢም" ይላል።

ሐኪም ቤቱ አውሮፕላን ማረፊያ ይመስላል። መስተዋት በመስተዋት ነው፤ በመስተዋቱ ማዶ ግቢው ቢጫ አበባ አውጥቷል፣ አትክልተኛው ሣር ያጭዳል። ጋሽ ትኬት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሰው ይጠራል፣ እሳቸው አይጠሩም። ከእሳቸው በኋላ የመጣ ወፍራም ሰውዬ ገብቶ ወጣ። አትክልተኛው የጀመረውን ጨርሶ ወደ ሌላው ማዕዘን ሄደ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ መጣች፤ ጎንበስ ብላ፣ በእርግጥም ፈገግ ብላ፣ አንድ ካርድ ዘረጋችላቸው። ካርዱ ላይ በሽተኛ የሕመሙን መጠን የሚጠቁምባቸው፣ ከሚስቅ እስከሚያለቅስ የተደረደሩ ክብ ክብ ፊቶች ተስለውበታል።

"አባባ፣ የትኛው ነው?" አለ ሙሽራው።

ጋሽ ትኬት መነጽራቸውን አውጥተው ፊቶቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ነበር የተፈጠሩት። ጣታቸውን የሚስቀው ላይ አኖሩ።

"ይሄ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በፊቱ ያስታውቃል። ትኬት ጠይቀው፣ የለውም።"

ነርሷ ሕመም የለም ብላ ጻፈች። ሊቀየር የመጣ ጉልበት አለመታመሙ ግን ግራ ገባትና ሌላ የሚሰማቸው ነገር ካለ ጠየቀች። ጋሽ ትኬት ይህንን ጥያቄ ሲጠብቁት ነበር።

"ሌላማ፣ እዚህ ተጎልቼ ልቤ ወለቀ በላት።"

ሙሽራው ደነገጠ። "ወለቀ? እንደ ጥርስ?"

"እንደ ጥርስም በለው እንደ ጎማ። ብቻ ወለቀ።"

ሙሽራው የተነገረውን አንዲት ቃል ሳይጥል ማድረስ የሚወድ ሰው ነው። አደረሰ። የነርሷ ፈገግታ በአንድ ጊዜ ጠፋ፣ እጇ አንጓቸው ላይ አረፈ፣ ሌላ ነርስ ተጠራች፣ ተሽከርካሪ ወንበር መጣ። ሲጠብቁ የዋሉት ሰውዬ አሁን በሩጫ እየተገፉ በመተላለፊያው አለፉ፤ ያ ወፍራም ሰውዬ እንኳ ዞር ብሎ አያቸው። ሸሚዛቸው ተፈታ። ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጠፈ። አንዱ ሐኪም ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ በመሣሪያ እያሻሸ ልባቸውን በቴሌቪዥን ይመለከት ጀመር።

"ጉልበቴ ታች ነው" አሉ ጋሽ ትኬት።

ሙሽራው ይሄኛው እንደሚቀድም ነገራቸው። ሲነግራቸው ዓይኑ እንባ ያዘለ መሰላቸው።

የጉልበቱ ቀዶ ጥገና ላልታወቀ ጊዜ እንዲቆይ ተደረገ። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁ ሐኪም ውጤቱን አይቶ ይነግራቸዋል ተባለ። ያን ቀን ቤት ገብተው ሶፋው ላይ አረፍ እንዳሉ፣ ልጃቸውና ሙሽራው ወጥ ቤት ውስጥ በዚያ አገር ቋንቋ ሲንሾካሾኩ ሰሙ። ጋሽ ትኬት ከቋንቋው አንዲት ቃል አያውቁም፤ ሹክሹክታ ግን በሁሉም አገር አንድ ነው። ውሃ ሊጠጡ ብለው ብቅ ሲሉ ሁለቱም ዝም አሉ።

"ምንድነው የተባለው?"

"ምንም የለም አባዬ። ለጥንቃቄ ነው፣ ልብህንም እግረ መንገዳቸውን ይዩት ብለው ነው" አለችና ፈገግ አለች።

ያንን ፈገግታ ያውቁታል። ባለቤታቸው ታማ በተኛች ጊዜ ሐኪሙ አባትና ልጅን ለብቻ ጠርቶ እንደማትድን ነገራቸው። ወደ ክፍሉ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆም ብለው ፊታቸውን አስተካክለው ነበር የገቡት። የጨጓራ ነገር ነው ብለው የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ፈገግ ያለችው ደግሞ ልጃቸው። አፏ ሲስቅ ቅንድቧ እንደተሰበሰበ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በደግነት ተሞላ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየሳቀ ገባ፣ እየሳቀ ወጣ። ባለቤታቸው አንድ ቀን "ምነው ሁላችሁም እንዲህ ጨዋ ሆናችሁ?" ብላ ጠይቃ ነበር። ማንም አልመለሰላትም። አውቃ ይሁን ሳታውቅ የሄደችው፣ ጋሽ ትኬት እስከ ዛሬ አያውቁም።

አሁን ተራው የእሳቸው መሆኑ ነው።

በቀጣዮቹ ቀናት ማስረጃው በራሱ እግር እየመጣ ተሰለፈላቸው። ጨው ከምግባቸው ጠፋ። ደረጃ እንዳይወጡ ሙሽራው አሳንሰሩን ይዞ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። ጫማቸውን ያስርላቸዋል፤ ሲያስር ደግሞ ቀና ብሎ በፍቅር ያያቸዋል፣ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራቸው። ተቆጣጣሪ ግን ሲጠረጥር ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይፈትናል። ልጃቸው አንድ ነጭ ሶፋ አላት፤ በዚያ ሶፋ ጉዳይ ባሏን ስታስለቅሰው አይተዋል። ጋሽ ትኬት አንድ ቀን ሻያቸውን ይዘው ቁጭ አሉ፣ ዙሪያውን አዩ፣ ሙሉውን ኩባያ ገለበጡበት።

ልጃቸው መጥታ አየች። "ምንም አይደል አባዬ፣ ይታጠባል" አለች።

ነገሩ ካሰቡት የባሰ ነው።

ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ደግሞ ሰኞ ፈቃድ እንደወሰደችና ሦስቱም ትልቁ መናፈሻ ሄደው አበባ እንደሚያዩ ነገረቻቸው። ይቺ ልጅ ራሷን አሟት እንኳ ከሥራ የማትቀር ናት። ጋሽ ትኬት ንጹሕ ሸሚዛቸውን አወጡ፤ ለስንብት የሚኬድ ከሆነ ተጎሳቁሎ መሄድ አይገባም።

መናፈሻው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስደነግጥ ውበት ነበረው። በውሃው ዳር ነጫጭ አበባ ያወጡ ዛፎች ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተያይዘው ጣራ ሠርተዋል። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር አበባው እየረገፈ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ዳክዬዎቹ መሐል ለመሐል መንገድ እየቀደዱ ያልፋሉ። ሰው ሣሩ ላይ እንደ ተሰጣ እህል ተዘርግቷል። ንቦቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። ጋሽ ትኬት በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ፤ ፀሐዩ ማጅራታቸውን ሞቅ አደረገው፣ አንዲት የአበባ ቅጠል እጃቸው ጀርባ ላይ አረፈች። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልጠረጠሩም። ደግ አገር ነው፣ ብለው አሰቡ።

ወዲያው አንዲት በጣም ያረጁ ሴት በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው መጡ። ልጆቻቸው ዛፍ ሥር አቆሟቸው፣ ብርድ ልብሱን አስተካከሉላቸው፣ ከበው ፎቶ አነሱ፣ ሁሉም ሳቁ። ሴትየዋም ሳቁ። ጋሽ ትኬት ገባቸው። በሽተኛ ሁሉ በመጨረሻ የሚመጣው እዚህ ነው ማለት ነው።

"አባዬ፣ እዚህ ጋ ቁምልኝ" አለች ልጃቸው። ኮሌታቸውን አቃናችላቸው፣ ዞራ ከሩቅ አየች፣ ተመልሳ ፀጉራቸውን ዳበሰች። ፎቶውን ደጋግማ አነሳችው። ተቆጣጣሪ ሲያስብ የሚያስበው መጨረሻውን ነውና እሳቸው ያዩት ክፈፉን ነው፤ ጥቁር፣ ከበላዩ አበባ የተጣለበት፣ ግድግዳ ላይ።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ ሙሽራው ክንዳቸውን ይዞ ወደ ውሃው ዳር ወሰዳቸውና ከአንጀቱ ተናገረ።

"አባባ፣ እኔ አንድ ነገር ልበልዎት። እርስዎ ብዙ ደክመዋል። እዚህ አገር በደንብ መቀበር አለብዎት።"

ጋሽ ትኬት ዱላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። "መቼ?" አሉ።

"ሁልጊዜ" አለ ሙሽራው።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ወሰኑ። ጉልበቱ ይቅር፣ አይቀየርም። ለሚቀበር ሰው አዲስ ጉልበት ምን ይሠራለታል? ትልቁን ሐኪም በግንባር ጠይቀው እውነቱን ሰምተው በመጀመሪያው አውሮፕላን አገራቸው ይገባሉ። እዚህ ሞተው ማን በቋንቋቸው ያለቅስላቸዋል? ሙሽራው ቢያለቅስ እንኳ በቅ ነው የሚያለቅሰው።

የቀጠሮው ቀን ሦስቱም ሄዱ። ስማቸው ሲጠራ ጋሽ ትኬት ዱላቸውን በሩ ላይ አግድም ዘረጉና ልጅና አማች ውጭ እንዲጠብቁ አዘዙ። ልጃቸው አልገባኝም ብላ ልትከራከር ስትል በሩን በፊቷ ላይ ዘጉት። ውስጥ ረጅም፣ ራሰ በራ ሐኪም ተቀምጧል። ጋሽ ትኬት ደረታቸውን በጣታቸው እየነኩ "አማርኛ" አሉት። መልሰው "አማርኛ" አሉት፣ አሁን ዱላቸውን ወለሉ ላይ ቀጥቅጠው። ሐኪሙ ስልክ ደወለ፣ የሆነ ነገር ተጫነ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

"ጤና ይስጥልኝ አባቴ" አለች ከስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ፣ ልክ አጥር ጥግ ቆማ የምትጠራቸው ጎረቤት መስላ። አስተርጓሚ መሆኗን፣ የሐኪሙን ቃል ለእሳቸው፣ የእሳቸውን ለሐኪሙ ከማድረስ በቀር ከራሷ ምንም እንደማትጨምርና እንደማትቀንስ ነገረቻቸው።

"ከልጄ ጋር አትተዋወቁም?"

"አንተዋወቅም አባቴ።"

"እንግዲያው ጠይቂልኝ። ስንት ጊዜ ቀረኝ?"

ጠየቀችላቸው። ሐኪሙ ለምኑ አለ።

"ለመሞት ነዋ!"

ሐኪሙ ወንበሩን አስጠግቶ ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረ። ልባቸው ሲመታ የተቀረጸውን አሳያቸው፤ በጣም ጠንካራ ልብ እንደሆነ፣ በእሳቸው ዕድሜ እንዲህ ያለ ብዙ እንደማያይ ተናገረ። ግራ የገባቸውም እሱ ነው አለ። ስብሰባ ተቀምጠውበታል፣ መጽሐፍም ገልጠዋል። ከዚያ እጆቹን አጣምሮ ጠየቀ። አስተርጓሚዋ መተርጎም ጀምራ መሐል ላይ ቆመች። ስልኩ ተቋረጠ ብለው ሲያስቡ ድምፅዋ ተመለሰ፣ እየተንቀጠቀጠ።

"አባቴ... ሐኪሙ ልብዎ የወለቀው መቼ ነው፣ ሲወልቅስ ድምፅ ነበረው ወይ ይላሉ።"

"የማን ልብ?"

"ልቤ ወለቀ ብለው ነበር?"

ጋሽ ትኬት አሰቡ። ያ ወንበር፣ ያ ወፍራም ሰውዬ፣ ያ አትክልተኛ ትዝ አላቸው። "ብያለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ውሎ ልቡ የማይወልቅ ማን አለ?"

አስተርጓሚዋ አልጨምርም አልቀንስም ያለችውን ረስታ በሳቅ ፈነዳች። ከሳቋ ስትመለስ ለሐኪሙ አስረዳችው፣ ሐኪሙም መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። በሩን ከፍቶ ለነርሷ ነገራት፤ ነርሷ ለሌላዋ ነገረች፤ ሳቁ በመተላለፊያው ርቆ ሲሄድ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ትኬት ብቻ አልሳቁም። ተሳፋሪን አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ አዟዙሮ መጠየቅ የሥራቸው ሀሁ ነው። ለሚመጣው ዓመት ጸደይ ቢመጡ የሚያገኛቸው ይመስለው እንደሆነ ጠየቁት። ሐኪሙ በሁለት ደህና እግር ቢመጡ ደስ ይለኛል፣ ጉልበትዎን በሚቀጥለው ሳምንት እንሠራለን አለና ፈገግ አለ።

ይኸው፣ ይሄም ፈገግ አለ። ልጃቸው ቀድማ አነጋግራው ቢሆንስ? ተነሥተው ወጡ።

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ያንን ፈገግታ ልታወጣ ስትል ዱላቸውን አነሡ።

"እሱን ተይው። እናትሽ አልጋ ላይ የሳቅሽውን ሳቅ እኔ ላይ አትሳቂብኝ። ሐኪሙ ደህና ነህ ብሎኛል። እንደ እናትሽ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪኝ።"

"ምን ብሎ ነው ደህና ነህ ያለህ?"

ነገሯት። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ልባቸው መውለቅ፣ ስለ ሐኪሞቹ ስብሰባ ነገሯት። ልጃቸው ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ሙሽራው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እሱ እንደ ጥርስ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ እንደነበር፣ አባባም እንደ ጥርስም እንደ ጎማም ብለው እንዳረጋገጡለት አስረዳ።

"እሱስ ይሁን" አሉ ጋሽ ትኬት። "መናፈሻው ውስጥ መቀበር አለብዎት ያለኝስ?"

"አዎ" አለ ሙሽራው ዓይኑን ሳያሽ። "አሁንም እላለሁ። አባት መቀበር አለበት። እኔ አባቴን በጣም ነው የምቀብረው፣ በየሳምንቱ።"

ልጃቸው ግንባሯን ያዘች። "መከበር ነው የሚልህ አባዬ። መከበር።" ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እንባ ሊመጣ ነው ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ የመጣው እንባ አልነበረም።

"ቆይ ግን አንተ ሰውዬ ጤና አለህ? ለማታውቃት ነርስ ልቤ ወለቀ ይባላል? በአስተርጓሚ? በዚህ አስተርጓሚ?" ሙሽራው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። "ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ ፈቃዴን ጨርሼ፣ ጨው አጥፍቼ፣ ለእህትህ ምን ብዬ እንደምደውል ሳስብ ከርሜ! ሶፋዬንስ? ሶፋዬን ሆን ብለህ ነው አይደል የደፋህበት? አየሁህ እኮ፣ ዙሪያህን አይተህ ነው የደፋኸው! የሳቅሁት ደግሞ ያንተን ሳቅ ነው፣ በሩ ላይ ቆመህ ፊትሽን አስተካክይ ያልከኝ አንተ ነህ፣ ከማን ልማረው?"

በመተላለፊያው የሚያልፉ ሰዎች ቀስ አሉ። ጋሽ ትኬት ግን ቅንድቧን አዩት። አፏም ቅንድቧም ዓይኗም በአንድ ላይ ነው የተቆጡት፣ አንዳቸውም አልተደበቁም። ባለቤታቸው ከታመመች በኋላ በዚያ ቤት ማንም ማንንም ተቆጥቶ አያውቅም ነበር። ለሚሞት ሰው ስለ ሶፋ የሚጮህበት የለም። ሽቦው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሐኪሙ ሁሉ ተደምረው ያላሳመኗቸውን ይቺ ልጅ በአንድ ትንፋሽ አሳመነቻቸው።

ግድግዳውን ተደገፉ።

"ፈርቼ ነበር" አሉ። "ቀዶ ጥገናውንም ፈርቻለሁ። እሱንም እንድታውቂው።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አለች፣ እንደተቆጣች።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲወርዱ ቁጣዋ ገና አላለቀም ነበር። ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ዞር እያለች፣ ዱሮ ያጠፉትን ሁሉ ከየተቀመጠበት እያወጣች ትቆጥርላቸዋለች፤ ሙሽራው ከኋላ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቢወድቁ ሊይዝ ይከተላል። መንገዱ ግራና ቀኝ አብቧል። ጋሽ ትኬት እያነከሱ፣ ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ዛፍ ቀና ብለው አዩት፤ ነጩን፣ ሮዙን፣ ስሙን የማያውቁትን ሐምራዊም።

ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯት ቁጣዋን ገታ አደረገች።

"ከዚያስ?" አሏት።